ስድስተኛው ቡሎን

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር መጀመሪያ

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል አይጀመርም ስለተባለ ነው። የአማርኛ መምህራችን «ለምትቀየሙት ሰው እንኳ ብትጽፉ ውድ በሉ፣ ደንብ ነው» ብለውናል። ደንብ ማክበር ደግሞ ከእማዬ የወረስኩት ነው፤ ካንተ የወረስኩት ቁልፍ አያያዝ ነው። «አንተ» ማለቴን ያየ ሰው እንዳይታዘበኝ፤ አንቱ ስልህ «ጥርሴ ሳይወልቅ ሽማግሌ አታድርጊኝ» እያልክ ያስተውከኝ ራስህ ነህ።

ጤናህን አልጠይቅም፤ ጋሽ ትዕዛዙ ነግረውናል። ቡሬ ላይ ለዓመታዊው ምርመራ ያቀረብካት ሰማያዊ ፒካፕ ቁጥሯ ከሊብሬዋ ጋር አልገናኝ ብሎ እንዳቆሙብህ፣ ቦሎ እንደከለከሉህ፣ የነጯን ሊብሬ ፈልገህ ሽማግሌ እንደላክህ እናውቃለን። መልሱ በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አለ። ዘልለህ እንዳታየው። መካኒክ ስለሆንክ ነገርን ከታች መክፈት ትወዳለህ፤ ዛሬ ግን ከላይ ጀምር።

ባለፈው ሚያዝያ አንተና እማዬ ልትለያዩ ሽማግሌ ሲቀመጥ ትዝ ይልሃል? ቤቱ ለእሷና ለእኔ፣ የጋራዡ ዕቃ ላንተ ሆነ። የቀሩት ሁለቱ አሮጌ ፒካፖች ነበሩ። ነጯ ሞተሯን ራስህ አድሰህ የገጠምክላት፣ እስከ መራዊ ሄዳ ሽንኩርት ጭና ሳትተነፍስ የምትመለሰው ናት። ሰማያዊዋ ደግሞ ጭሷ ቀድሟት ጅጋ የሚገባው፣ ከናፍጣ ይልቅ ዘይት የሚጥማት ናት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ቅኔ ያስተምራሉ እንጂ መሪ ጨብጠው አያውቁም። አያ ያለው በሬ ከሩቅ አይተው ዕድሜውን ይናገራሉ። ጋሽ ትዕዛዙ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጡረታ ወጥተዋል፤ እስክሪብቷቸው ግን ጡረታ አልወጣችም።

«አንዱ ይክፈል፣ አንዱ ይምረጥ። ከፋይ አይመርጥም» አሉ መሪጌታ።

«ሁለት መኪና ለሁለት ሰው ምኑ ይከፈላል?» አሉ አያ ያለው።

«ጎማ አለ፣ ባትሪ አለ። ዕቃውን አመጣጥኖ እኩል ያድርጋቸው። በሳምንቱ ሌላው ይመርጣል።»

«እንግዲያው እኔ ልክፈል፣ የኔታ። እናኑ ትምረጥ» አልክ። ሦስቱም ስለ ልብህ ስፋት መረቁህ። መሪጌታማ ዓይናቸው ውኃ አዝሎ ነበር።

በዚያው ሳምንት እማዬ ለአክስቷ ተዝካር ከጅጋ ወዲያ ገጠር ሁለት ቀን ሄደች። ባጃጇ መታጠፊያውን እንዳለፈች የግቢውን በር ዘጋህና «ትሑት፣ ቱታሽን ልበሽ» አልከኝ።

«ምን ልንሠራ ነው?»

«ጋቢና ልናለዋውጥ። የነጯን ለሰማያዊዋ፣ የሰማያዊዋን ለነጯ።»

«ለምን?»

«እናትሽ ከመኪና የምታውቀው ፊቷን ነው። ፊቷን እንሰጣታለን።»

ሳቅኩ። አባዬ፣ ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሳቅኩ። ብልጠትህ ደስ አለኝ፣ ለእኔ ብቻ መንገርህ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። «ቡሬ ላይ ጋራዥ እከፍታለሁ፤ ትምህርትሽን እዚያ ትጨርሺያለሽ፤ ከሰዓት አብረን እንሠራለን። በሩ ላይ ‹ቢያዝንና ልጁ› ብለን እናስጽፋለን» ስትለኝ እማዬን በአንድ የተጻፈ ሰሌዳ ለወጥኳት። ሰሌዳው እንኳ ገና አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ ሥራ። የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬኑን ቧንቧ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ ፈታን። ሽቦዎቹ እንዳይምታቱብህ እያንዳንዱን በክር አሰርኩልህ፤ ቀይ ለነጯ፣ ጥቁር ለሰማያዊዋ። ክሩን ያመጣሁት ከእማዬ የስፌት ሣጥን ነው። ጋቢናዎቹን ሞተር ከተሸከመው ሻንሲ ጋር የያዟቸውን ስድስት ስድስት ቡሎኖች ፈተን፣ ግራውን እኔ፣ ቀኙን አንተ ይዘን በማንሻው በፓራንኮው ሰንሰለት ወደ ላይ ሳብናቸው። ነጯ ጋቢና አየር ላይ ስትዞር መስታወቷ ላይ የተንጠለጠለው የእማዬ መቁጠሪያ ይወዛወዝ ነበር። አንተ ቀና ብለህ አላየኸውም፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ታርጋ አለዋወጥን። የጭነት ሳጥኖቹ ቀለማቸውን ከረሱ ስለቆዩ ማንም አይለያቸውም። «ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርስ?» ብዬ ስጠይቅህ «እዚያ ታች ማን አጎንብሶ ያያል?» አልክ። እውነትህን ነው፣ የእኛ ሽማግሌዎች ለመጎንበስ ዕድሜያቸው አልፏል። የምርመራው ሰውዬ ግን ወጣት መሆኑን አላሰብክም።

በሁለተኛው ቀን እማዬ ሳትደርስ ለመጨረስ ስትጣደፍ፣ ከሰማያዊዋ ጋቢና ቡሎኖች አንዱን፣ የግራውን የኋላ፣ ኪሴ ከተትኩት። «መካኒክ ማለት የፈታውን ቆጥሮ የሚያስር ነው» ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ ልፈትንህ ነበር። ትቆጥራለህ፣ «አንድ ጎደለ» ትላለህ፣ እኔም እስቅብሃለሁ ብዬ። አልቆጠርክም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለቱንም ሞተሮች አስነሣህላቸው። ነጭ ጋቢና የለበሰችው አሮጌ ሞተር ያፈሰስክባት ወፍራም ዘይት አፏን ይዟት እንደ ጾመኛ ቄስ በለሆሳስ ታጉተመትም ነበር። አያ ያለው አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዋን በእርግጫ አሏት፣ ኮፋኖዋን እንደ በሬ ዳሌ ቸብ ቸብ አደረጉ።

«ኧረግ! ይቺማ ዓይኗ የጠራ፣ ሻኛዋ የሞላ!»

ለበሬ ጥርስ ሳያዩ የማይገዙ ሰው፣ ኮፋኖ አስከፍተው ማየት አልመጣላቸውም። መሪጌታ ደግሞ ገብተው ተቀመጡና መውጣት አቃታቸው። «ልጄ፣ ይህች በር ከውስጥ ምን ተብላ ነው የምትከፈተው?» እያሉ ሲጣሩ ከውጭ በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ከፈትኩላቸው። ግቢው ሁሉ ሳቀ። አንተም ሳቅህ።

እማዬ ግን አልዞረችም፣ ጎማም አልመታችም። ቀጥ ብላ ወደ ነጯ ሄደችና መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጬባታለሁ። ይህችን አውቃታለሁ» አለች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰፈሩ «ስሟ ትሕትና፣ ምላሷ ምላጭ» የሚለኝ እኔ፣ ለካህን ለመምህር መልስ የማይጠፋኝ እኔ፣ ያን ቀን ምላጩን ዋጥኩት። ጋሽ ትዕዛዙ «ነጯ ፒካፕ ከነሊብሬዋ ለወይዘሮ እናኑ» ብለው በሦስት ቅጂ ጻፉ፤ አስፈረሙ። አለቀ።

በማግስቱ ሰማያዊዋን አስነሥተህ ስትወጣ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ቦታውን ላስተካክልና እመጣልሻለሁ» አልክ። በሳምንቱ ወሬው መጣ፤ ለካ ከጎንህ ያለው ወንበር ለአዲሷ ወዳጅህ ለፋናዬ ተይዞ ኖሯል። ለፋናዬ ቂም የለኝም። በዚያ በሚንኳኳ ጋቢና ውስጥ መቀመጧ ይበቃታል።

አሁን ያልነበርክበትን ልንገርህ። እማዬ ሀይሉን ሾፌር ቀጥራ ከቆጋ ሽንኩርት ማምጣት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ሽንኩርት እስከ አፍ ጭነው ሲመለሱ፣ ቡሬ ላይ ባንተ በር አልፈው፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ዳገቱ መሐል ሞተሯ አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች።

«እትዬ፣ ለጋሽ ቢያዝን እንደውልላቸው፤ ቅርብ ናቸው» ቢላት፣

«የደረሰኝን ድርሻ ለእሱ አላሳይም» አለችው።

ሁለት ቀን መንገድ ዳር ከረሙ። ሽንኩርቱን የግንቦት ዝናብ አራሰው፣ በማግስቱ ፀሐይ ቀቀለው። ተጎትታ ግቢ ስትገባ ከሽታው የተነሣ ጎረቤት በሩን ዘጋ። እማዬ የበሰበሰውን በእጇ እየለየች አራገፈችው፤ እኔም አብሬያት እለይ ነበር። ዓይናችን ቢያነባ በሽንኩርቱ ማመካኘት ይቻል ነበር፤ ያን ቀን የተመቸኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ዶሮዋ ነጯ ጋቢና ውስጥ ታቅፋለች። እማዬ ጅጋ ገበያ ማዳበሪያ ዘርግታ መሬት ላይ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ይሄ አይደለም የሚገድለኝ፣ ሠርታ መብላት ታውቃለች። የሚገድለኝ ለጠየቃት ሁሉ የምትመልሰው ነው፦ «እኔ ነኝ የመረጥኩት። ማንም እጄን አልያዘኝም።» ለጎረቤት ትላለች፣ ለገበያተኛ ትላለች፣ እሳት ስታነድ ለራሷ ትላለች። መሪጌታም ሊያጽናኗት መጥተው «ልጄ፣ የገዛ ምርጫ አያስከስስም» ብለዋት ሄዱ። ማጽናናቱ እንዲህ ከሆነ፣ ሲሳደቡ ምን ሊሉ ኖሯል? ስድስት ወር ሙሉ ይህን እየሰማሁ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እራት በላሁ።

ያለፈው እሑድ ጋሽ ትዕዛዙ መጡ።

«እናኑ፣ የነጯን ሊብሬ ለአንድ ሳምንት አውሺን። ቢያዝን ፎቶ ኮፒ ፈልጎ ነው።»

«የቆመች መኪና ሊብሬ ለምኑ ነው?»

«እንጃ፤ ምርመራው ላይ ቁጥር ምናምን ብሎኛል። ላንቺስ ምን ይሠራልሻል?»

«እሱስ ምንም። ትሕትና፣ ከሣጥኑ አምጪላቸው።»

አመጣሁት፤ አልሰጠኋቸውም።

«ጋሽ ትዕዛዙ፣ በሦስት ቅጂ የጻፉት ወረቀት ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ?»

«ቀለሟን ጽፌያለሁ። ነጭ። ምን ጎደለው?»

«እስቲ ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ከነጯ ሥር ገብተው ያመሳክሩት።»

«በዚህ ወገቤ?»

«እርስዎ ሊብሬውን ይያዙ፤ እኔ ከታች አነብልዎታለሁ።»

ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ አንድ አንድ እያልኩ አነበብኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ይከተላሉ። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ታዲያ ይሄ የሊብሬው ቁጥር የት ነው ያለው?»

«ቡሬ። ከሰማያዊዋ ሥር። ሞተሯም አብሯት ነው።»

«ማን ወሰደው?»

«አባዬ ፈታው። እኔ አሰርኩት።»

ጋሽ ትዕዛዙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉ። «ታዲያ እኛ ምን ፈረድን?» አሉ። ከፋይ አይመርጥም ብለው ፈርደው ነበራ! ከፋዩ አስቀድሞ መርጦ እንደከፈለ ማን ይንገራቸው? የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ ነበር። በር እየከፈተላቸው ነበር።

ከመኪናዋ ሥር ስወጣ እማዬ እላዬ ቆማለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«በየትኛው በኩል ያዝሽ?» አለችኝ።

«በግራ።»

«ከሣጥኔ የጠፋው ቀይ ክርስ?»

ዓይኔ ወደ ሞተሩ ሄደ። ኮፋኖውን እንድከፍትላት በአገጯ አሳየችኝ። ከፈትኩ። ክሩ አሁንም ሽቦዎቹ ላይ አለ፤ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። ሁለት ቀን በስሜ አልጠራችኝም። በሦስተኛው ቀን ሊብሬውን ደብተሬ ላይ አስቀመጠችና «አንቺ ያዢው። ነገር መያዝ ትችያለሽ» አለችኝ።

ካንተ ጋር ሆኜ የሠራሁትን ሁሉ እሷ በሦስት ቃል ከፈለችኝ።

ይኸው መልሱ። ሊብሬው አይመጣም። በጋሽ ትዕዛዙ ኪስ አይመጣም፣ በመሪጌታ ምርቃትም አይመጣም። ከፈለግከው ሰማያዊዋን እየነዳህ ራስህ ና። እዚሁ ግቢ፣ እነዚያው ሦስት ሰዎች ፊት ቆመህ «እኔ ነኝ» በል። እማዬ ትናንትም ማዳበሪያዋን ስትጠቀልል «እኔ ነኝ የመረጥኩት» ስትል ሰምቻታለሁ። እውነቱን ነግሬያታለሁ፣ የእኔ ቃል ግን ልማዱን አላስጣላትም፤ ቃሌ እንግዲህ እዚህ ቤት ዋጋው ወርዷል። ያንተን ትስማ። ከዚያ ጋቢናዎቹን በቦታቸው እንመልሳለን። ግራውን እኔ እይዛለሁ፤ በእማዬ ፊት፣ በሩ ተከፍቶ።

ደብዳቤውን ሀይሉ ይዞልህ ይመጣል። አብሮት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። በነሐሴ ደውለህ «ቁልቁለት ላይ በግራ በኩል የሚንኳኳ ነገር አለ፣ ፈልጌ አጣሁት፤ ምን ይመስልሻል?» ስትለኝ «ሕሊና ይሆናል» ብዬህ ስቀህ ነበር። እሱ ነው። ስድስት ወር ኪሴ ውስጥ ከርሟል። ጋቢናው ወልቆ ገደል ቢከትህስ ብዬ ከእንቅልፌ የባነንኩበት ቀን አለ፤ ይህን ያህል እንኳ ብታውቅልኝ አይከፋኝም።

ከቡሬ ወደዚህ ስትመጣ ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ። ሳትነሣ እሰረው። ካሰርከው በኋላ ደግሞ፣ ብትቸኩልም፣ ስድስቱንም ቁጠር።

ግራውን ይዛ የነበረችው ልጅህ፣
ትሕትና ቢያዝን