የማትተካዋ ጥርስ

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ ሲገባ እንደ አምናው አላስቸገረሽም? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? እህቴስ፣ ልጇስ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን አርሯል፤ ለማን ላውራው ብዬ ወዳንቺ ጻፍኩ።

የልጆች ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኜ መቀጠሬን ነግሬሽ ነበር። ሥራዬ መሣሪያ ማጠብ፣ ጥጥ ማቀበልና ልጁ ሲንፈራገጥ ጭንቅላቱን ግጥም አድርጎ መያዝ ነው። ሐኪሙን በሌለበት «ጉጠት» እንለዋለን፤ ሌላ መሣሪያ ሲያነሣ አይተን አናውቅማ! መሙላት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መንቀል አፍታ ነው። ልጅ ሲያለቅስ «ጎበዝ አያለቅስም» ይላል። እሱ ግን መርፌ ጣቱን ጫር ያደረገው ቀን ቁጭ ብሎ ውኃ አምጡልኝ ያለ ጀግና ነው።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሲነካት ትጮሃለች አለች። ጉጠት ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅላት አየት አደረጋትና «የወተት ጥርስ ነው፤ ነቅለን እንገላግላት፣ ሌላ ይበቅላል» አለ። እኔም አየሁ። ከሁሉም በስተኋላ የበቀለች ሰፊ መንጋጋ ናት። እማዬ፣ ይቺ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ የምትወጣ ቋሚ ናት። ምንም ሳይወድቅ ከኋላ ስለምትበቅል ሰው የወተት ትመስለዋለች። ከተነቀለች ምትክ የላትም። እኔ በስድስት ወር ሥልጠና ያወቅሁትን እሱ ሳያውቀው ቀርቶ ነው? ቸኩሎ እንጂ!

«ያዣት» አለኝ። እጄን ከልጅቷ አነሣሁና ቋሚ ናት፣ ቀዳዳዋም ትንሽ ስለሆነች ትሞላለች አልኩት። ሳቀ። «ጥጥ አቀባይ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆነች?» አለ። ልብስ ሰፊዋም ብትሆን የተማረው እሱ ነው፣ አትከራከሪው አለችኝ። ያን ጊዜ አፍ ውስጥ የምናይባትን ትንሽ መስተዋት አነሣሁ። ከፊት መሃል ጀምሮ በአንድ ወገን የወተት ጥርስ አምስት ብቻ ነው፣ ራስሽ ቁጠሪ አልኳት እናትየዋን። በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ስድስት። ቀና ብላ ስትጠይቀው ያ ዐይን አውጣ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አንዳንድ ልጅ ስድስት አለው።»

ሴትየዋ ልጇን ከወንበሩ አነሣቻት። «ቁልፍ ቢበጠስ እተካለሁ፤ ይቺን በምን ክር ልስፋት?» ብላው ወጣች። እሱም እኔን ውጪ አለኝ። ጋውኔን ወንበሩ ላይ ጥዬ ተከተልኳቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ እዚያ ያለችው ሐኪም አደንዝዛ፣ አጽድታ፣ ሰዓት ሳይሞላ ሞላችላት። ልጅቷ ስትወጣ ምላሷን እየላከች ጥርሷን ትዳስስ ነበር።

ጉጠትን ከጣልኩት ጥጥ በታች ንቄዋለሁ። ግን እማዬ፣ ዓመት ከመንፈቅ እነዚያን ትንንሽ ጭንቅላቶች የያዝኩት እኔ ነኝ። በእጆቼ መካከል ስንት ስድስተኛ ጥርስ እንደወጣ አላውቅም። ዐይን ነበረኝ፣ ሥልጠናው ነበረኝ፤ አፍ ብቻ አልነበረኝም። እሱን የናቅሁትን ያህል ራሴንም ንቄያለሁ።

ለእህቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጇ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነውና ብርሃን ወዳለበት አቅርባ ከኋላ ያሉትን ትይላት፤ ቡሩሹም እዚያ ድረስ ይግባ። ወንድሜን ሳሚልኝ፤ ጠርሙስ በጥርሱ መክፈቱን ካልተወ ግን ሰላምታዬን መልሺው። አንቺን በሁለቱም ጉንጭሽ እስምሻለሁ። አባዬ «ልጄ ሐኪም ናት» እያለ ለጎረቤት መንዛቱን ያቁም። የተባረረች ረዳት ናት በይው። ለምን ቢልሽ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ስለ ራሴ የጻፍኩትንም ሳታስቀሪ።

ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ጥቅምት 18 ቀን