የድንኳኑን ገመድ ሌላ ሰው ይሰር

ልጄ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ አትጠይቂኝ። የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

እህትሽን ዳርኳት። ሠርግ ማሰናዳት ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን አላልተው ሲያስሩ አይቼ አላስችል አለኝና መሰላል ላይ ወጣሁ። ይኸኔ የሙሽራው አባት ከነዘመዶቻቸው ገቡ። ቀና ብለው፣ «አንተ ሠራተኛ፣ የሙሽራዋ አባት የት አሉ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» ብል ሁሉም ሳቁ። እህትሽ ግን አማቿን በር ላይ የሚቀበል ሰው በመታጣቱ አልቅሳለች። እናትሽ ብትኖር በጆሮዬ ጎትታ ታወርደኝ ነበር።

ስለዚህ ባንቺ ሠርግ ሥራው ሁሉ ከዋዜማው ይከፋፈላል። ገመዱን አጎትሽ ያስራል፤ ቢላላም ይላላ። እኔ ሱፌን ለብሼ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ነኝ፤ ዝናብ ቢመጣም ንቅንቅ አልልም።

እዚያው ባለሽበት አገር ሁለት ምስክር ይዘሽ የጋብቻ ውል ልትፈርሚ አስበሻል አሉኝ። አልሰማሁም ብያለሁ። እሱንም ይዘሽው ነይ፤ ገና ሳላየው ልጄ ነው። ትዳራችሁን ያጽናላችሁ። እባክሽ ልጄ፣ ቀኑን ቁረጪና ላኪልኝ።

አባትሽ