የጾም ጎደሬ

የፌቨን እናት፣

ልጅቷ ደህና ናት። ሌላውን ሳታነቢ ይሄን እንድታውቂ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ሙዝ እየበላች ነው። ዛሬ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትገባ ነበር፣ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ መለሷት። የመለሷት በእኔ ጥፋት ነው። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ቢበላሽ ታገሺኝ።

ሰላም ሳልልሽ መግባቴ ነውር ነው። እንዴት ሰነበትሽ? እናትሽስ እግራቸው ተሻላቸው? ምዕራብ ዓባያ ዝናቡ በርትቷል ይላሉ። እዚህም የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ሦስት ቀን ሙሉ የመስኖውን በር ስዘጋና ስከፍት ነው የከረምኩት። ስልኬን ስለማታነሺ ደብዳቤውን ለሚኒባስ ሾፌሩ ለኤርጫፎ ሰጥቼዋለሁ። እጇ ላይ ሳታደርስ እንዳትመለስ ብዬዋለሁ።

ኦፕራሲዮኑ የቶንሲሏ ነው። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። አልነገርኩሽም። «አንተ አንድ ልጅ መጠበቅ አትችልም» ብለሽኝ ስለሄድሽ፣ አድኜ ላሳይሽ ፈለግኩ። እልህ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ልበልሽ።

ትናንት ነርሷ ምን ይዤ እንደምመጣ ነገረችኝ፣ እኔም እንደልማዴ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አንደኛ ካርድ። ሁለተኛ ቅያሪ ልብስ። ሦስተኛ አንሶላ። አራተኛ ጾም። «ጾሟን ይዘዋት ይምጡ» ነው ያለችኝ፣ ቃሏ ይሄው ነው። እኔ ምን መሰለኝ? ወተቱን ለጎረቤት ለወርቄ ሰጠሁ። እንቁላሉን ተውኩ። ድስቱ ቅቤ ነክቶት ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ በአመድ አጠብኩት። ከዚያ ዛሬ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጎደሬ ቀቀልኩላት። ቀኑ ረጅም ነው፣ ልጄን በባዶ ሆዷ ቢላ አይነካትም ብዬ ሦስት ራስ አበላኋት፣ በጨው ብቻ። ጾሙን እንደጠበቅኩ ኮርቼ ነበር እኮ!

አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረስን። ጨርቅ ነጋዴው አብዱሰመድም ልጁን ሁስናን ይዞ ከእኛ ጎን ተቀምጧል። ልጁን ከማታ ጀምሮ ምንም አላቀመሳትም፣ እሷም ርቦኛል እያለች ታለቅሳለች። እኔ በሆዴ ምን አይነት ጨካኝ አባት ነው አልኩ።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ሸይማ የምትባል ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ። የፌቨንን ደረት ፊትም ኋላም አዳመጠች፣ አፏን አስከፍታ አየች። በልታለች ወይ ስትለኝ «ጾሟን ናት» አልኳት። አልዋሸሁም፣ ለእኔ እውነት ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ እጇን ይዛ ስትወስዳት፣ ልታጫውታት ብላ «ምን በልተሽ ነው እንዲህ ጎበዝ የሆንሽው?» አለቻት። ፌቨን ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጎደሬ! አባባ ሦስት ሰጠኝ።»

ሸይማ ቆመች። ዞራ መቼ ነው የበላችው አለችኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ፣ ሁለት ወር የጠበቅኩት ቀጠሮ ከእጄ ሊወጣ ነው። «ማታ ነው» አልኩ። አየሽ፣ ጎደሬው ስህተት ነው፣ ይሄኛው ግን ውሸት ነው። ልጅሽ እንደ አንቺ ናት፣ «አይ አባባ፣ አሁን ጠዋት እኮ ነው፣ ገና ጨለማ ነበር» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በፌቨን ቦታ ሁስና ገባች። አብዱሰመድ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ካሱ፣ ዛሬ የእኛ ጾም ፈተናውን አለፈ፣ የእናንተ ወደቀ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አፉን አስይዘው ነበር። ዛሬ ግን የፌቨንን ቅያሪ ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሱም አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ፌቨንን «ነይ እዚህ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት።

ሸይማ በኋላ ወጥታ ጠራችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ደብተሬን ተቀብላ ሥዕል ሳለችልኝ። ጉሮሮ ውስጥ ከፊት የአየር ቧንቧ አለ፣ ከኋላ የምግብ። በአየሩ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፣ ስንውጥ ትከድነዋለች። ማደንዘዣው ሲሰጥ ክዳኗም ሳሉም አብረው ይተኛሉ። ያኔ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ይገባል። ብዙ ጊዜ ወደ ቀኙ ነው የሚወርደው አለች፣ የቀኙ ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ስለሆነ። «የልጅ ሳንባ ደግሞ ቋቱ ትንሽ ነው አባቴ፣ አየር ሲቋረጥባት እንደ እርስዎ አትቆይም፣ ቶሎ ያልቅባታል።»

ገባኝ፣ የመስኖ በር ማለት ነው፣ ጠባቂው ከተኛ ውሃው የማይገባው ማሳ ይገባል አልኳት። «እሱ ነው» አለች። «ስትተኛ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ግን ሆዷ ውስጥ ያለውን እርስዎ ካልነገሩኝ ከየት አውቃለሁ?»

ጥፋቴ ነው አልኳት። በሰው ፊት እንዲህ ስል አይተሽኝ አታውቂም። ብትኖሪ ጥሩ ነበር።

ደብተሩን ስታገላብጥ ሌላ ነገር አየች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከፌቨን አጠገብ ነው የምተኛው። ስታንኮራፋ ቆይታ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደሰመጠ ሰው ትባንናለች። እየቆጠርኩ ጽፌዋለሁ፣ ሰኞ ስድስት ጊዜ፣ ማክሰኞ ዘጠኝ፣ ረቡዕ ሰባት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሸይማ ሁሉንም አነበበችው። እንቅልፍ ላይ የፌቨን ጉሮሮ እንደሚዘጋ ማወቋ ለመድኃኒቱ መጠን ይጠቅማታል፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ልጅቷ እዚሁ ማደር አለባት፣ ትንፋሿም መጠበቅ አለበት አለችኝ። «መቁጠር ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። እናቷ ናት አልኩ።

አንቺ ነሻ። «ትንፋሿ ይቆማል» ስትይ ጣትሽን እያጠፍሽ ትቆጥሪ ነበር። እኔ እናትሽ ፊት «ልጅ ሁሉ ያንኮራፋል፣ ነገር አታጋኚ» አልኩሽ። እንደ ጅል ስቄብሻለሁም።

አዲሱ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምንም ምግብ የለም፣ ጎደሬም፣ ሙዝም። ንጹህ ውሃ ብቻ፣ እሱም ከመግባቷ ሁለት ሰዓት በፊት ይቆማል። ደብተሬ ላይ አራተኛ ጾም የሚለውን ሰርዤ «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ሸይማ ማክሰኞ ማታ ፌቨን አልጋ አጠገብ ትንፋሿን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ ብላለች። እኔ ቁጥሩን አውቃለሁ። ድምፁን ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰኞ ከሰዓት ኤርጫፎ ባዶ ነው የሚመለሰው፣ ከፊት ወንበር ይዞልሻል።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ፌቨን «እማዬ ስትመጣ ጎደሬውን እኔ ነኝ የምነግራት» ብላ ነበር፣ ስለቀደምኳት ተቆጥታለች። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በጤና ያገናኘን።

የፌቨን አባት

ደብዳቤውን ላጥፍ ስል ደግሜ አነበብኩት። አንቺ በሄድሽ ሰሞን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እናትሽ ቤት ድረስ ሄጄ፣ በሰደብኩሽበት ቦታ ይቅርታ እንድልሽ ፈርደውብኝ ነበር። እሺ ብዬ ተነሳሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል እዚህ ደብዳቤ ላይም የለም፣ ያን ዕዳ ሦስት ወር ሆነው፣ እስካሁን አልከፈልኩሽም።