የጋሼ ዋት ዴይ የመጨረሻ ጥያቄ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ሐሙስ ጠዋት እንደነበር እንጂ ቁጥሩን አያስታውሱም፤ አባታቸው ደግሞ በወሩም አይስማሙም ነበር። ስለዚህ አባታችን ዕድሜ ልካቸውን የልደታቸውን ዕለት ስም እንጂ ቀኑ ስንት እንደነበር ሳያውቁ ኖሩ።

በ1964 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት እንግሊዝኛ አስተማሩ። ተማሪ ሁሉ «ዛሬ ስንት ነው?» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦ «ሃው ሜኒ ኢዝ ቱዴይ?» ሲላቸው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። የዕለቱን ስም ስትፈልጉ «ዋት ዴይ»፣ ቁጥሩን ስትፈልጉ «ዋት ዴት» በሉ እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ አስረዱ። ያተረፉት «ጋሼ ዋት ዴይ» የሚል ቅጽል ስም ነው።

በ1972 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ አገቡ። የትውውቃቸው ሰበብ እናታችን በፈተና ፕሮግራም ላይ በ«ኦን ማንዴይ» ፈንታ «ኢን ማንዴይ» ብለው መተየባቸው ነበር። በቀይ እስክሪብቶ የተጀመረው ነገር በቀለበት አለቀ። እናታችን ግን እስከ ዛሬ «ኢን ማንዴይ» ነው የሚሉት። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2011 ዓ.ም. አባታችን መርሳት ጀመሩ። ሐኪሙ በየቀጠሮው ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ይጠይቃቸው ነበር። ይህን የጻፈችው የመጀመሪያ ልጃቸው፣ አንዴ እንኳ በትክክል ቢመልሱ የሚድኑ እየመሰላት፣ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ «ሰኞ ነው፣ አባዬ» እያለች ታስጠናቸው ነበር። እሺ ይሉና በሩ ጋ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል። አንድ ቀን ሐኪሙን ትኩር ብለው አይተው «ጥያቄህ ልክ ነው፤ ተቀመጥ» አሉት። ሐኪሙም ተቀመጠ። ሳቅን። ግድግዳ ላይ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቀልንላቸው፤ እየቀደዱ ኪሳቸው ከተቱት። ምንም ብናደርግ አልሆነልንም።

ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ ይህችው ልጃቸው ፊታቸውን ስታብስላቸው እጇን ያዙና «ሃው ሜኒ ኢዝ ቱዴይ?» ብለው ጠየቋት። ዕድሜ ልካቸውን ያረሙትን ስህተት እሷ ልታርማቸው አልቻለችም። «አሥራ አራት ነው፣ አባዬ» አለች።

«ጎበዝ» አሏት። ከቀትር በፊት በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው በሌለበት ያሳርፍልን።