በሁዳዴ የሚሸፈነው ቴሌቪዥን

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጠዋት ሦስት ኩንታል የጉና ድንች ሸጥሁ።

ልጄ ትዝታ፣ በሰው አገር እመቤቴ ጥላ ትሁንሽ። እኛ ደኅና ነን፤ አባትሽን ግን እግራቸው ቤተ ክርስቲያን አላደርስ ብሏቸዋል።

ቤት ሆነው መዝሙር እንዲሰሙበት ግዥላቸው ያልሽኝ ባለሬዲዮ ቴሌቪዥን ግራ አጋባኝ። ባለሱቁ ካሳሁን፣ «እትዬ፣ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ባንድ ላይ ነው፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ይለኛል። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፤ እንደ ልማዳችን በጾሙ ቴሌቪዥን አይከፈትምና ነቅዬ በነጠላ እሸፍነዋለሁ። ታዲያ እስከ ፋሲካ መዝሙር በምን ይስሙ? አባትሽ፣ «ሬዲዮውንም አብረሽ ልትገንዥው ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ለየብቻ ብገዛ ደግሞ ሁለት ዕቃ ሁለት ብልሽት ነው። በገበያ እንዲህ ተቸግሬ አላውቅም።

ደግ ሰው ይግጠምሽ። እሑድ ደውይላቸው።

ሁለት ብልሽትም ቢሆን ይሁን፤ ነገ ካሳሁን ዘንድ ሄጄ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ለብቻው ይኖረው እንደሆነ እጠይቃለሁ።

እናትሽ ፈንታነሽ