ለቅሶ ያልደረስኩበት ቤት

ኅዳር 3

ጡረታ ከወጣሁ አንድ ዓመት ከሁለት ወር። ጠዋት ቲማቲም ገዛሁ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁለት የሰፈራችን የጊንጆ ሴቶች እየሳቁ ነበር፤ እኔ ስገባ ዝም አሉ። ለምጄዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ዳኛ ከነበረች ሴት ጋር ማን ይቀልዳል?

ከሰዓት ኤልያብ ደወለ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ወጣት መምህር። ዩኒቨርሲቲው ስላስተማራቸው ስመ ጥር የሕግ ባለሙያዎች መጽሐፍ ሊያወጡ ነው፤ እኔም አለሁበት። መጽሐፉ በሚመረቅበት ቀን ሽልማትም አለ። በማታው ክፍል ተምረው ለወንበር የበቁ እያለ አሞገሰኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። የምነግረው ሰው ግን አጣሁ። ለቲማቲሙ ነገርኩት።

ኅዳር 6

ቅጹ መጣ። ሰባት ጥያቄ። ስድስቱን ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ። ሰባተኛው፣ "ከሥራ ውጭ በቅርብ የሚያውቅዎትና ስለ እርስዎ የሚናገር ሰው ስም" ይላል።

አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቁኝ... ስልኬን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሬጅስትራር፣ ቧንቧ ሠሪ። እህቴ ብትኖር ኖሮ...

ኅዳር 8

ዕድር አልገባሁም። ሠርግ አልበላሁም። ባለጉዳይ የሌለበት ቤት ጅማ ውስጥ የት አለ? ዛሬ ወጡን የበላሁለት ሰው ነገ ችሎት ፊት ቢቆምስ? እያልኩ ነው የኖርኩት። ንጹሕ ዳኛ ተባልኩበት።

ፈትያ ግን... በሯ ከእኔ በር ትይዩ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ጀማለዲን የዛሬ ስምንት ዓመት ሲሞት በደዶ ወረዳ የመሬት ክርክር ነበረው። ጎረቤቴ ነው ብዬ ከችሎቱ ተነሥቼ ጉዳዩን ሌላ ዳኛ ይዞት ነበር። ታዲያ ለቅሶ ብደርስ ምን ነበረበት? ሰው ያየኛል ብዬ ቀረሁ። ድንኳኑን በመጋረጃ ቀዳዳ አየሁት። ይህን የትኛው አንቀጽ አዘዘኝ?

ኅዳር 12

ሄድኩ። ፈትያ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወንበር ሰጠችኝ። ስለ መጽሐፉ ነገርኳት፤ ስምሽን ልጻፍ ወይ አልኳት። መቼም ያላፈረ የለም፣ እንደ እኔ ግን...

"ምን ብዬ ልመስክር?" አለች። "አላውቅዎትማ። የሐሰት ምስክር የሚያሳስሩት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?"

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ክሯን እያጠነጠነች፣ "ያኔ፣ ወላሂ፣ የለቅሶውን ሦስቱንም ቀን በርዎን ሳይ ነበር። ፍርድ አልፈለግሁም። መጥተው ዝም ብለው እንዲቀመጡ ነበር" አለችኝ።

እንኳን ይቅርታ፣ ደህና ዋይም ሳልላት ወጣሁ።

ኅዳር 13

እውነቷን ነው።

ኅዳር 21

ዕድር ልመዘገብ ሄድኩ። ሰብሳቢው አቶ ዳባ ከመደንገጡ የተነሣ ተነሥቶ ቆመ። በኦሮምኛ "ኮታ፣ ታኣ"፣ ይምጡ ይቀመጡ እያለ የራሱን ወንበር ወደ እኔ ገፋ። ክብርት ዳኛን ከዕድሩ ሸምጋዮች ሸንጎ ጋር ላስቀምጣቸው አለ። ሸንጎ ይቅርብኝ አልኩት። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር እንዲጽፈኝ ጠየቅኩት። እዚያ የነበሩት ሴቶች ተያዩ። ፈትያም ነበረች፤ አላየችኝም... ወይም እንዳላየች ሆነች።

ኅዳር 27

ኤልያብ ስለ ሰባተኛው ጥያቄ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። መስመር ላይ ያለሁ አልመሰለውም መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ሃሎ አለ። ባዶውን ይለፍ አልኩት።

ታኅሣሥ 11

የሽልማቱ ቀን። ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። ጫማ ሠሪው ኃይለሚካኤል ዐረፈ። ቀሚሴን ከትናንት ጀምሮ ተኩሼ ሰቅዬው ነበር። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ለኤልያብ ደወልኩ፤ ሌላ ሰው ይቀበልልኝ፣ ለቅሶ አለብኝ አልኩት። የቅርብ ዘመድ ነው ወይ አለኝ። የሰፈር ሰው ነው አልኩት።

ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ትህትና የምትባለው የጎረቤት ልጅ ቢላዋዬን ቀየረችልኝ። ቀባሪው ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። ኃይለሚካኤልን እኮ በወጉ አላውቀውም።

ፈትያ አጠገቤ ነበረች። "ይህን ያህል ለማን ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ለጀማለዲን" አልኳት።

ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እስኪመሽ አብረን አለቀስን።