ከይፋግ ያመጣሁት ሩዝ

ለትርንጎዬ፣ ለሆዴ፤

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር እጄ ይያዝብኛል። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ውሸት ይሆናል። ከተለየሽኝ መጪው ጥቅምት ስምንት ዓመት ይሞላል። ሙት ዓመትሽን ሳላወጣ የቀረሁበት ጊዜ የለም፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ፍትሐቱ ይደርሳል፣ የኔ ቢጤው በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል። አንድ መስመር ግን ጽፌልሽ አላውቅም። የምጽፈው አጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ላውጋሽ። የሣር ጣሪያው ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመጣ ከጩኸቱ የተነሳ እርስ በርስ አንደማመጥም። አንቺ የምትወጃት ዳለቻ ላም ሞታለች፤ አሁን የምትታለበው የልጅ ልጇ ናት። በወረታ መንገድ አውቶቡስ ይመላለሳል። እናቴ አምና በፍልሰታ ጾም ዐረፈች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ስምሽን ስታነሳ "ልጄ" እያለች ነበር፣ እንደ ምራት አልነበረም። እንጉዳያችን ዐሥር ዓመት ሆናት፤ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ግንባሯ ያንቺ ነው። ስትቆጣም እንዳንቺ ዝም ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዋን አሟት እህል እምቢ አለች። ያን ጊዜ ያንቺን የሩዝ አጥሚት ልሠራላት ተነሣሁ። ሩዙን ዘፍዝፌ አሳደርኩና ጠዋት ወፍጮው ላይ ተንበረከክሁ። ጎረቤታችን አዛለች በበሩ ስታልፍ አየችኝ። "ኧረ በእመቤቴ! እኔ ልፍጭልዎ፣ ይነሡ!" ብላ ሮጣ ገባች። አልተነሣሁም። ቀረፋም ቅርንፉድም ማርም ጨመርኩበት። ከላይ ረጋ፣ ከሥሩ አረረ። እንጉዳይ አንድ ጉንጭ ጠጣችና "ይጣፍጣል አባዬ" አለችኝ። ፊቷን አይቼ እየራራችልኝ መሆኑን አወቅሁ።

"የእናትሽ እንዲህ አልነበረም" አልኳት።

"የእሷን እኔ መች አውቀዋለሁ?" አለችኝ።

በክፋት አይደለም ያለችው። ስትለዪያት ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። መልክሽንም እንደማታስታውሰው ያን ቀን ነገረችኝ፤ እስካሁን ደብቃኝ የኖረችው እንዳላዝን ብላ ኖሯል። በማግስቱ ወረቀት ገዛሁ።

ጎንደር ከአንድ ዓረብ ነጋዴ ቤት ሁለት ዓመት ሠርተሽ ስትመለሺ ነው ለኔ የተዳርሽው። ከጥሎሽሽ ጋራ አንድ ከረጢት ሩዝና በጨርቅ የተቋጠረ ቀረፋና ሄል ይዘሽ መጣሽ። ፎገራ ላይ ያን ጊዜ ሩዝን በዓይኑ ያየ ማን ነበር? እናቴ አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ብርሃን አወጣችውና "ይህ የጉንዳን እንቁላል ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ ግን ጆሮሽ እንደ በርበሬ መቅላቱን እኔ አየሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀምስም አለች። "ዓረብ ያስተማራትን በማተቤ ላይ አላወርድም" እያለች አንቺ በምትሰሚበት ታወራ ነበር። ኋላ በሁዳዴ ሆዷን ታማ ሽሮው እንኳ አልወርድ ሲላት፣ ሩዙን በወተት ፈንታ በሱፍ ውኃ ሠርተሽ አቀረብሽላት። እሷ ግን የነፍስ አባቷ ካልፈቀዱ አልነካም ብላ አባ ወልዴን አስጠራች። አባ ኩባያውን ተቀብለው አሸተቱት። ቀመሱት። ደግሞ ቀመሱ። "ጾም የሚያስገድፍ ነገር አላገኘሁበትም" አሉና ኩባያውን መልሰው ዘረጉልሽ፣ እንድትሞዪላቸው። እናቴ "አባ፣ የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ!" ስትል የሳቅሽው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትሠሪ አጠገብሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምታይሽ እሷ ሆነች።

እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ አይሽ ነበር። ሩዙን እርጥቡን ስትፈጪው፣ በአሮጌ ነጠላ ስታጠልዪው፣ በሸክላው ድስት ጥደሽ ማማሰያውን ሳታቋርጪ ስታዞሪ፣ ወተቱን በስንተኛው ላይ እንደምትጨምሪ... እዚህ ላይ ይጠፋብኛል። ማሩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሄሉን ትወቅጪው ነበር ወይስ እንዳለ? አላውቅም። የማየው አንቺን እንጂ ድስቱን አልነበረም።

ስድስት ዓመት ልጅ ጠብቀን እንጉዳይ መጣች። ቀጥሎ ያ ክፉ ጥቅምት መጣ። ውኃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ሳይሸሽ ቆየና ንዳዱ ገባ። ወባው ቤት አልመረጠም። እህሉ ቆሞ የሚያጭደው ጠፋ። ቀባሪው ከመቃብር ተመልሶ ራሱ ይተኛ ነበር። አንቺ ማሰሮውን አዝለሽ ከቤት ቤት ትዞሪ ጀመር፤ እህል ያቃተው ሁሉ ያንቺን አጥሚት ይውጥ ነበርና። የሸክላ ሠሪዋን ሦስት ልጆች በአፋቸው ጠብ እያደረግሽ ያጠጣሽ አንቺ ነሽ። ሦስቱም ዛሬ አሉ፤ ታላቁ ሚስት አግብቷል።

ተቆጣሁሽ። "ከይፋግ የገዛነው ሩዝ እያለቀ ነው፣ ለራሳችን ልጅ አስቀሪ" አልኩሽ። ነጠላሽን ወገብሽ ላይ አጥብቀሽ ወጣሽ። ሩዙ ያለቀ ዕለት ማሰሮውን አጥበሽ ደፋሽው፤ በሦስተኛው ቀን አንቺ ተኛሽ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉም የሚያውቀውን ነው። አሁን የማያውቁትን ልጻፍልሽ።

በታመምሽ በአራተኛው ቀን "አፌ መረረኝ፤ ከዚያ አጥሚት አንድ ጉንጭ ባገኝ" አልሽ። እናቴም ሰማች፣ አዛለችም ሰማች። ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ አንቺ የላክሽኝ የሚመስለው። በማግስቱ ማለዳ ግን ቤት ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። እናቴ ልጅቱን ይዛ ወደ ላሞቹ ወጥታለች። ቅዠቱ ትንሽ ለቆሽ ነበር። ዱላዬን ሳነሳ አየሽኝ።

"ወዴት ነው?"

"ይፋግ። ሩዝ ይዤልሽ እመጣለሁ።"

"ይቅርብኝ፤ አትሂድ" አልሽኝ። እጄን ያዝሽ። "ሩዙ ይቅር። አጠገቤ ተቀመጥ።"

እጅሽ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። ቀስ አድርጌ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። "ነገ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። በሩን ሳልፍ ዘወር አላልኩም። ለአንቺ ብዬ ነው እያልኩ ሄድኩ፤ መንገዱን በሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስነግር ሄድኩ። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ ያን ማለዳ ዓይንሽ ውስጥ የሆነ ነገር አይቻለሁ። ተቀምጬ ማየት አልቻልኩም። እግሬን ያነሳው ፍርሃት ነው፣ ሆዴ።

ይፋግ እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ዓረብ አማርኛው የተሰባበረ ነበር። እኔን ግዙፉን ሰውዬ አየና "አንቺ ከየት መጣሽ፣ እህቴ?" አለኝ። ሳቅሁ። ትርንጎ፣ ሱቁ እስኪያስተጋባ ሳቅሁ። እሱም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ። ኋላ ስጠይቅ፣ ነፍስሽ የወጣችው ፀሐይ ከአናት ሳትዘቀዝቅ ነው አሉኝ። እኔ የሳቅሁባት ያቺው ሰዓት ናት።

ስመለስ ዘግይቶ የዘነበው ዝናብ ርብን ሞልቶት ስለነበር ከወንዙ ማዶ ከሰው ቤት አደርኩ። ጠዋት ውኃው እስከ ደረቴ እየደረሰኝ ሩዙን በራሴ ላይ ተሸክሜ ተሻገርኩ። እኛ መንደር ስደርስ ግቢያችን ባዶ ነበር። በሩ ተዘግቷል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀና ስል ሰዉን አየሁት። እኔን ሲጠብቁ አሳድረውሽ፣ ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻሉም። ስደርስ አፈሩን እያለበሱሽ ነበር። እናቴ መጥታ ከረጢቱን ከትከሻዬ አወረደችልኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየ።

የወባ ክኒን የያዙ ሰዎች መንደራችን የገቡት ከአርባሽ በኋላ ነው።

ያን ሩዝ ማንም እንዳይነካ ብዬ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እናቴ ሁለት ጊዜ ለመነችኝ። "እኔ አይቻታለሁ፣ እጇን አውቀዋለሁ፤ ለልጅቱ ልሥራላት" አለችኝ። ጮኽሁባት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። ነቀዝ በልቶት ዱቄት ሆኖ ከነከረጢቱ ወንዝ ጣልኩት። የአሠራሩን ነገር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም፤ እሷም አፈር ገብታለች። ልጅሽ የእናቷን እጅ ልትቀምስ የምትችልበትን አንድ መንገድ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? "ለሚስቱ ብሎ ርብን በሙላት የተሻገረ" ይሉኛል። በማኅበር ላይ ለወጣት ባሎች ምሳሌ አድርገው ያነሱኛል፤ እኔም ጠላዬን ይዤ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። እንጉዳይ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ስታወራ ሰምቻታለሁ። "አባቴ ለእናቴ" ስትል ደረቷ ይነፋል። ስምንት ዓመት ይህን ምስጋና በላሁ።

አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም። ጣራ ገዳም የተማርኩትን ላስተምርሽ ስል "አንተ ካነበብክልኝ አይበቃኝም?" ትዪኝ ነበር። ይህን ግን እኔ ላነብልሽ አልችልም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ድምፄ ይቆረጣል። ስለዚህ የዘንድሮ ሙት ዓመትሽ ዕለት፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨርሰው ሲሄዱ፣ እንጉዳይን መቃብርሽ አጠገብ አስቀምጬ ወረቀቱን እሰጣታለሁ። አነባበቧ ጥሩ ነው፤ አስተማሪዋም ይመሰክርላታል። ጮክ ብላ ታነብልሻለች። እጄን የያዝሽበት ቦታ ስትደርስ ታቁም ትቀጥል አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አንቺም ይቅር ትዪኝ እንደሆነ የምጠይቅበት ደጅ የለኝም።

የማውቀው አንድ ነው፤ እሱንም ቃል እገባልሻለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር የለመንሽኝንም አነሳለሁ። ሰዉ የለመነችው ሩዝ ነው ሲል፣ አይደለም፣ ተቀመጥ ነው ያለችኝ እላለሁ።

ባልሽ አያሌው